የእህቴ ቁም ሣጥን በተሳቢ ከጅዳ ወደ መካ

ከመካ ከተመለስኩ ወዲህ ኮምቦልቻ ውስጥ የሚያገኘኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ስለ ካዕባ ይጠይቀኛል። ትንሽ እነግረዋለሁ፤ ዓይኑ እንባ ያቀራል፤ ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ተሳቢ ነበር የሚሉት እውነት ነው?» ይላል። እውነት ነው። በየመንገዱ ቆሞ መተረክ ስለሰለቸኝ አንድ ጊዜ ጽፌው ልገላገል።

ይማም እባላለሁ። አሥራ ሁለት ዓመት በደረቅ ሦስት መንጃ ፈቃድ ከነተሳቢው የጅቡቲን መንገድ ተመላልሼበታለሁ። ከዚያ ወዲህ አሥራ ስድስት ዓመት መንዳት አስተምሬያለሁ። ታናሽ እህቴ ዘሃራ ጅዳ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት በሰው ቤት ሠርታ፣ መካ ዳቦ ቤት የሚጋግር ሰይድ የሚባል የወረኢሉ ሰው ልታገባ ሆነ። አባታችን ስለሞተ ወልይዋ፣ ማለትም ኒካሑ ላይ የምድራት፣ እኔ ነኝ። ወረቀታቸውን ጨርሰዋል፣ ቀኑም ሐሙስ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ተባለ። እኔም ዑምራዬን፣ ትንሿን ሐጅ፣ አድርጌ እህቴን ልድር፣ በአንድ ጉዞ ሁለት ጉዳይ ብዬ ተነሳሁ።

ማክሰኞ

ከአዲስ አበባ የተነሳሁት ከሰዓት በኋላ ነው። የኢሕራሙን ሁለት ነጭ ጨርቅ ኤርፖርት ሽንት ቤት ውስጥ ለበስኩ። አንዱን ወገቤ ላይ፣ ሌላውን ትከሻዬ ላይ፣ በመሃል ኪስ ያለው ቀበቶ። የሰፈራችን ሸህ ደንቡን አስጠንተውኛል፤ ኢሕራም የገባ ሰው ሽቶ አይነካም፣ ጥፍሩንና ፀጉሩን አይቆርጥም፣ አይጨቃጨቅም። ኒካሕም አያስርም፣ ስለዚህ ዘሃራን ከመዳሬ በፊት ዑምራዬን ጨርሼ ፀጉሬን መላጨት አለብኝ። ከዚህ ሁሉ ቀላል የመሰለኝ አለመጨቃጨቁ ነበር።

ጅዳ ስንወርድ ሙቀቱ ሚሌን አስታወሰኝ። ሚሌ ግን ደረቅ ነው፤ የጅዳው እርጥብ ፎጣ ፊትህ ላይ እንደማሰር ነው። ዘሃራ በር ላይ ቆማ ጠበቀችኝ። አቅፋኝ አለቀሰች፤ ከዚያ በዚያው ትንፋሽ «ጋሼ፣ ስለ ተሳቢ አንድ ነገር ልጠይቅህ» አለችኝ።

አጠገቧ የቆመው ግርማ ነው። የደብረ ብርሃን ሰው፣ የእህቴ አሠሪ የማዳም ቤት ሹፌር፣ ረጅምና ዝምተኛ። ዘሃራ ወንድሜ ትለዋለች። መኪናው ውስጥ ነገሩን አስረዱኝ። ማዳም ለዘሃራ ያሮጌ ቤቷን ቁም ሣጥን፣ ማቀዝቀዣና ሁለት የልብስ ስፌት መኪና ሰጥታታለች። የማዳም ወንድ ልጅ የባሕር ሞተር ብስክሌቱን የሚጎትትበት ትንሽ ተሳቢ አለው፤ እሱንም ፈቅዷል። ነገ ጭነን መካ እናደርሳለን።

«ዕቃዬ ቀድሞኝ ሳይገባ እኔ አልገባም» አለች ዘሃራ። «አሥራ አራት ዓመት ሠርታ ባዶ እጇን መጣች እንዳይሉኝ።»

«መካ ሙስሊም ካልሆንኩ አልገባም» አለ ግርማ። «እስከ መታጠፊያው ድረስ እጎትታለሁ።»

«ከዚያ ወዲያስ ማን ይነዳል?» አልኩ።

ሁለቱ ተያዩ። «ሰው አለ» አለች ዘሃራ። እኔን ማለቷ መሰለኝ፣ ደስም አለኝ።

ያደርኩት በማዳም ግቢ በር አጠገብ ባለችው የግርማ ክፍል ነው። ፍራሹን ለእኔ ሰጥቶ እሱ ምንጣፍ ላይ ተኛ። ሽታ የሌለው ሳሙና ፈልጎ ገዝቶልኛል፤ ለኢሕራም እንደሚያስፈልግ ከዘሃራ ሰምቶ። ሌላውን ሁሉ ሽታ ያለው ነገር በላስቲክ ጠቅልሎ ውጭ አውጥቶታል፣ የራሱን የጥርስ ሳሙና ሳይቀር። ልተኛ ስል አንድ አውራ ጣት የሚያህል በረሮ በትራሴ ላይ አለፈ። ልግደል አልግደል እያልኩ ሳመነታ ግርማ ጫማውን አነሳ።

«አይዞህ» አለኝ፣ «እኔ ኢሕራም የለብኝም።»

ረቡዕ

ለግርማ የጾም ቀን ስለነበር ቁርሳችን ፉል ሆነ። የኛ ሰው ፉል ሲሠራ ቅቤና ሚጥሚጣ ይጨምራል፤ የጅዳው ዘይትና ሎሚ ብቻ ነው፣ ዳቦው ግን ወንፊት ያህላል። በልተን ወደ በኒ ማሊክ ሄድን። ዘሃራ ከሌሎች ሴቶች ጋር ተከራይታ ዕቃዋን ያጠራቀመችው እዚያ ነው። መንገዱ ጠባብ፣ ቤቱ ተደራርቦ የቆመ፣ ሱቁ የሚበዛ ሰፈር ነው። የአዲስ አበባን መርካቶ ጠባብ መንገዶች አስቡና ላዩ ላይ የአየር ማቀዝቀዣ ጠብታ ጨምሩበት።

ቁም ሣጥኑን ሳይ ደነገጥኩ። ባለ ስድስት መዝጊያ፣ ጥቁር እንጨት፣ ላዩ ላይ የተቀረጸ ወይን ያለበት፣ አንድ ወጥ። ስምንት ጎረቤት ተሸክሞ አወረደው። ከዚያ ማቀዝቀዣ፣ ሁለት የስፌት መኪና፣ የማላውቀው ልብስ ማጠቢያ፣ አሥር ካርቶን ሰሐን። በመጨረሻ ዘሃራ ራሷ አንዲት ትንሽ ካርቶን ይዛ እያቃሰተች መጣች። ተቀበልኳት፣ ወገቤ ተንቀጠቀጠ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሴራሚክ ነው። ማዳም መታጠቢያ ቤቷን ስታሳድስ የተረፈ። ሮዝ ነው። አሥራ አንድ ካርቶን አለ።»

«መካ ሴራሚክ ምን ያደርግልሻል?»

«አንድ ቀን ቤት ስንሠራ።»

አፌን ከፈትኩ፤ ኢሕራሜ ትዝ አለኝ፤ አፌን ዘጋሁ። ዘሃራ ይህን አይታ ገባት። ከዚያ ወዲያ ልናገር ስል ሁሉ «ጋሼ፣ ጅዳል የለም» ትለኛለች። ጅዳል ያው ጭቅጭቅ ነው፣ እሷም ሕይወቷን ሙሉ ይህን ቃል ስትጠብቅ የኖረች ይመስል ነበር።

ተሳቢው ተንበረከከ። መንጠቆው የመኪናውን ቂጥ ወደ መሬት ጎትቶ የፊት መብራቱ ሰማይ ያያል። ጎንበስ ብዬ በተሳቢው ግንባር ላይ የተመታችውን የብረት ሰሌዳ በኢሕራሜ ጫፍ ጠረግኩ። ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ ትላለች።

«እሱን እናውቃለን» አለ ግርማ። «መንጃ ፈቃዴን ሳሳድስ ጠይቄያለሁ። በቤት መኪና ፈቃድ እንዲህ ያለ ቀላል ተሳቢ ይቻላል፣ ከዚህ ከከበደ ግን ትልቁ ሩኽሳ፣ የከባድ መንጃ ፈቃድ፣ ያስፈልጋል አሉኝ። ዕቃው ሰባት መቶ ሃምሳ ኪሎ አይሞላም።»

ይህን ተማሪዎቼ ሁሉ ይሳሳቱታል። በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ እንደ ዱዓ፣ ነገርኳቸው። ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር የዕቃው ብቻ አይደለም፤ የተሳቢው የራሱ ብረትም ይቆጠራል። ተሳቢው ባዶውን ሁለት መቶ ኪሎ ከሆነ ለዕቃው የሚቀረው አምስት መቶ ሃምሳ ነው። ደግሞ መኪናው ስንት መጎተት እንደሚችል በመጽሐፉ ላይ አለ፤ ከሁለቱ ያነሰው ነው የሚሠራው። ግርማ የመኪናውን መጽሐፍ ከመኪናው ኪስ አውጥቶ አነበበ፣ መኪናው ብዙ ይችላል። ችግሩ ተሳቢው ነው።

«ተሳቢው ስንት እንደሚመዝን ማን ያውቃል?» አለች ዘሃራ።

የሚያውቅ ጠፋ። እየተጎተትን፣ በሰው እርምጃ፣ ወደ ደቡብ ወደ ኑዝላ ወረድን፤ እዚያ አሮጌ ብረት የሚገዛ አንድ የመናዊ ሽማግሌ መኪና የሚመዝን ሚዛን አለው። መጀመሪያ ሊሸጡልኝ መጡ ብሎ ማቀዝቀዣውን መታ መታ አደረገ። ዘሃራ ልታለቅስ ደረሰች። ነገሩን ስታስረዳው ሳቀ። ተሳቢውን ከመኪናው ፈተን ሚዛኑ ላይ አቆምነው። አንድ ሺህ ሠላሳ።

ባዶውን መዝነን ብንቀንስ ይሻላል አልኩ። ሁሉንም አወረድን። ባዶው መቶ ዘጠና ሆነ። ከዚያ ዕቃውን አንድ ባንድ ሚዛኑ ላይ እያወጣን እየመዘንን፣ ፀሐይዋ አናቴን እየጠበሰችው፣ እስከ አስር ሰዓት ቆየን። ሽማግሌው የመጋዘኑን ጥላ፣ ውሃና ሐብሐብ ሰጠን። የኛ አገር ሐብሐብ እንዲህ ቀይ ሆኖ አላየሁም።

ሴራሚኩ ብቻውን ሁለት መቶ ሃያ ኪሎ ነበር።

ዘሃራ አንዷን ሮዝ ሴራሚክ አውጥታ አቅፋ ተቀመጠች። ግርማ ነው የተናገረው። «ዘሃራ፣ ሰይድ የሚያገባው ሴራሚክ አይደለም።»

«ኻላስ፣ በቃ» አለች በመጨረሻ። ሴራሚኩና ሦስት ካርቶን ሰሐን ሽማግሌው ጋር ቀረ፤ ልጁ ቤት ሲሠራ እንደሚገጥመው፣ ከፈለገችው ግን እንደሚጠብቅላት ማለላት። ለሚዛኑ ምንም አልተቀበለም፤ «መካ ስትደርስ ዱዓ አድርግልኝ» ብቻ አለኝ። አሁን ሰባት መቶ ሠላሳ አምስት ሆነ፣ ቁጥሩን በወረቀት ጻፈልን። ጭነቱን እኔ መራሁ። ከባዱ ከጎማው ትንሽ ወደ ፊት፤ ሁሉም ከኋላ ከሆነ ተሳቢው እንደ ውሻ ጭራ ይወዛወዛል፣ ሁሉም ከፊት ከሆነ መንጠቆውን ይጫነዋል። ስንጨርስ ኢሕራሜ ላይ የግራሶ የእጅ አሻራ አርፎ ነበር። መሽቶብናል፣ ጉዞው ለሐሙስ ተላለፈ።

ሐሙስ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ወጣን። ግርማ ይነዳል፣ እኔ አጠገቡ፣ ዘሃራ ከኋላ ሰሐኗን አቅፋ። መንገዱ ሰፊ ነው፤ በአንድ ወገን ያለው ብቻ የኛን የኮምቦልቻን መንገድ ሦስት ጊዜ ያህላል። ግራ ቀኙ ድንጋያማ ተራራ፣ ሣር የለም፣ ፍየል የለም። ግመል ግን አየሁ።

ግማሽ መንገድ ላይ አንድ የውሃ ቦቴ ጥሩምባውን እየነፋ ተከተለን። ግርማ ሲያሳልፈው አያልፍም። ጎን ለጎን ሆነ፣ ሹፌሩ ፓኪስታናዊ ነው፣ በአንድ እጁ ነጭ ነገር ያውለበልባል። ቆምን። ትራስ ነው፣ የዘሃራ ትራስ፣ ጠርዙ ላይ ሮዝ አበባ የተጠለፈበት። ዞሬ ሳይ ከቁም ሣጥኑ መዝጊያ አንዱ ተከፍቷል፤ ከውስጡ አንሶላና የሌሊት ልብስ ተንጠልጥሎ እየተንቀጠቀጠ ነው።

«ባዶ ነው ብለሽኝ አልነበረም?» አልኳት።

«ቦታ ይባክናል ብዬ ነው። ጅዳል የለም።»

ሁለት መቶ ሜትር ወደ ኋላ ተመልሰን ያገኘነውን ለቀምን። ፓኪስታናዊው አንድ ካልሲ አግኝቶ በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ፊቱን አዙሮ፣ ለእህቴ ሰጣት። መዝጊያውን እኔ አሰርኩት፣ የጅቡቲ ቋጠሮ፣ በቢላ ካልሆነ የማይፈታ።

ከመታጠፊያው በፊት ባለው ማደያ ግርማ ቆመ። ከዚያ ወዲያ ምልክቱ ሙስሊም ያልሆነውን በሌላ መንገድ ይልከዋል። ወርዶ መንጠቆውን አየ፣ ሰንሰለቱን ነካ፣ ቁልፉን አወጣ። እኔ እጄን ዘረጋሁ። ቁልፉ አልፎኝ ሄዶ ዘሃራ እጅ ላይ አረፈ።

«የአንተ ፈቃድ እዚህ አይሠራም ጋሽ ይማም» አለ ግርማ በአክብሮት። «የእሷ ይሠራል።»

ዘሃራ ከቦርሳዋ መንጃ ፈቃድ አውጥታ ሰጠችኝ። ፎቶዋ ላይ ፊቷ ፖሊስ እንደሚፈልገው ሰው ኮስተር ብሏል። ሁለት ዓመት ሆኗታል። የማዳም ሴት ልጅ ስትማር አብራት ተማረች፤ ሦስት ጊዜ ወድቃ በአራተኛው አለፈች። ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት ደግሞ ግርማ ባሕሩ ዳር አስተምሯታል፣ የማዳም ልጅ ሞተር ብስክሌቱን ውሃ ውስጥ ሲጨምር።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ልሄድ ዓመት ሲቀረኝ አስተምረኝ ብዬህ ነበር። ለአንቺ ይከብድሻል አልከኝ።» ይህን የተናገረችው ያለ ቁጣ ነው። መሬት መሬቱን አየሁ። በአሥራ ስድስት ዓመት የኮምቦልቻን ግማሽ አስተምሬያለሁ፤ ሥጋ ቤቱን፣ መምህሩን፣ ግራና ቀኙን የማይለየውን የቀበሌ ጸሐፊ። እሷን ግን አላስተማርኩም።

ያው ፓኪስታናዊ ተከትሎን ማደያው ላይ ቆሟል፤ ውሃውን እዚያው አራግፎ ወደ ጅዳ ሲመለስ ግርማን ሊያደርሰው ተስማማ። ሁለቱ ቋንቋ ሳይግባቡ ሻይ ሲጠጡ ትተናቸው ሄድን።

እህቴ ስትነዳ መጀመሪያ ሁለቱንም እግሬን ወለሉ ላይ ተክዬ የሌለ ፍሬን ስረግጥ ነበር። እሷ አላየችኝም። መስታወት፣ ፍሬቻ፣ መስታወት። ኬላው ላይ አንድ ወጣት የትራፊክ ፖሊስ ወደ ዳር አወጣን። ሩኽሳዋን፣ የመኪናውንና የተሳቢውን ወረቀት፣ ማዳም እንድትነዳ የፈቀደችበትን አየ። የዑምራ ፈቃዴን በስልኬ አሳየሁ። ከዚያ ተሳቢውን ዞረው፣ በጣቱ ተጫነው፣ ክብደቱን ጠየቀ። ዘሃራ የሽማግሌውን ወረቀት ሰጠችው። ሰሌዳዋንና ወረቀቱን አስተያየ፣ መብራቱን አስበራ፣ ቋጠሮዬ ላይ ቆመ።

«ይሄን ማን አሰረው?» ብሎ ጠየቀ፤ ዘሃራ እየተረጎመችልኝ ነው።

«ወንድሜ።»

ወደ እኔ መጣ። ፈቃድ አለህ ወይ አለኝ። ከቀበቶዬ ደረቅ ሦስቴን አውጥቼ በኩራት ሰጠሁት። አገላብጦ ፎቶዬን አየ።

«ይሄ ስንት ያስጎትታል?»

«አርባ ቶን» አለች ዘሃራ።

«ታዲያ ለምን አንቺ ትነጂያለሽ?»

«እሱ እያረፈ ነው።»

ሊስቅ ሲል ከንፈሩን ነክሶ ወረቀታችንን መለሰልን። ሲያሰናብተን አንድ ነገር ጨመረ። ምን አለ ስላት «ጎበዝ ናት አለ» አለችኝ። እኔ ግን በማውቃት ጥቂት አረብኛ «ድንኳን» እና «ገመድ» የሚል የሰማሁ መሰለኝ፤ በቋጠሮዬ ሳይቀልድ አልቀረም።

ሰይድ መካ ውስጥ ዳገት ላይ ባለ አሮጌ ቤት ሁለተኛ ፎቅ ነው የሚኖረው። መግቢያው ጠባብ፣ ቀጥ ያለ ሽቅብ ነው፤ ተሳቢውን ወደ ኋላ ማስገባት ያስፈልጋል። ሰይድ ዱቄት በዱቄት ሆኖ ወጣ፣ ጎረቤቱም ወጣ፣ ሁሉም እጁን እያወዛወዘ ወደ ተለያየ አቅጣጫ መራት። ተሳቢ ወደ ግራ እንዲሄድ መሪው ወደ ቀኝ ነው የሚዞረው፤ ይህን ለመልመድ ተማሪዎቼ ሁለት ሳምንት ይፈጅባቸዋል። ዘሃራ መስኮቱን ዘጋች፣ አንዴ ወደ ፊት ወጥታ አስተካከለች፣ ከዚያ ቀስ እያለች ተሳቢውን ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። ከግድግዳው የቀረው አንድ ጋት ነበር። ሰይድ ሚስቱን ገና ሳያገባ ፈራት።

ማቀዝቀዣው ወጣ፣ ስፌቱ ወጣ፣ ማጠቢያው ወጣ። ዘሃራ ላይ ወጥታ የት እንደሚቀመጥ ስታዝ፣ ከታች ቁም ሣጥኑን አስነሳን። ደረጃው መሃል፣ መታጠፊያው ላይ፣ ተቀረቀረ። አልወጣም፤ አልወረደም። ገፋን፣ ሳብን፣ ቢስሚላህ አልን። አንድ ወጥ ስለሆነ የሚፈታ ብሎን የለውም። ዘሃራ ከላይ ነች፣ እኛ ከታች። በላዩ በኩል አንድ ክንድ የምታክል ክፍተት ብቻ አለች፣ በእሷ ውሃና ዳቦ አቀበልናት።

«አናጢ ጥሩ» አለች ድምፅዋ። «ጋሼ፣ አንተ ሂድ፣ ሰዓት የለም።»

እውነቷን ነው፤ ስምንት ሰዓት ሆኗል፣ እኔ ደግሞ ኢሕራም ላይ ነኝ። ሰይድ ወደ ሐረም፣ ካዕባው ወዳለበት መስጊድ፣ ወሰደኝ። ስለ ካዕባው ብዙ አልጽፍም። በመጀመሪያ ሳየው ሁሉም ነገር ከራሴ ወጣ፣ ኪሎውም ቋጠሮውም፤ ለሽማግሌው ዱዓ ሳደርግ ብቻ ሚዛኑ ትዝ አለኝ። ለግርማም አደረግሁ። ሰባት ዙር፣ ከዚያ ሰባት ጊዜ በሰፋና በመርዋ ኮረብታዎች መካከል፣ ከዚያ አንድ ፀጉር አስተካካይ በሁለት ደቂቃ ራሴን እንደ እንቁላል አደረገው።

ስንመለስ መግሪብ ሊደርስ ነው። ሸሁ መጥተዋል፣ ምስክሮች መጥተዋል፣ አናጢው አልመጣም። እንግዳው ሁሉ ደረጃው ላይ፣ ከቁም ሣጥኑ በታች፣ ተደራርቦ ተቀምጧል። ሸሁ ረጅም ሰው ናቸው፤ ቁም ሣጥኑን ተደግፈው ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ሙሽራዋ የት ናት?»

«ከዚህ ወዲያ» አለ ሰይድ።

ሸሁ ቁም ሣጥኑን አንኳኩ። «ዘሃራ፣ በሰይድ ተስማምተሻል?»

ከዚያ ከእንጨቱ ወዲያ፣ «ተስማምቻለሁ። ይማምም ይዳረኝ። ሰሐኖቼ ግን ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው» አሉ ሸሁ በቁም ነገር።

የሰይድን እጅ ይዤ ድሬልሃለሁ ለማለት ሁለት ጊዜ ጀመርኩ። ከላይ ዘሃራ ስታለቅስ ይሰማኛል፤ ላቅፋት አልቻልኩም፣ ስድስት መዝጊያ መሃላችን ቆሟል። ከዚያ አናጢው መጣ፣ የቁም ሣጥኑን እግሮች በአራት ጣት አሳጠራቸው፣ ተነቃነቀ፣ ዞረ፣ ወጣ። ከኋላው ሙሽራዋ አቧራ በአቧራ ሆና ብቅ አለች። የተላጨ ራሴን አይታ ሳቀች፣ ስትስቅም አላቆመችም።

ዓርብ

ከጁምዓ በኋላ መኪናውንና ተሳቢውን ለማዳም መመለስ ነበረብን። ሰይድ ተረኛ ስለነበር ከዘሃራ ጋር ሁለታችን ሄድን። ለመንገድ የጋገራትን ትኩስ ዳቦ በፎጣ ጠቅልሎ መስኮት ላይ አቀበላት፣ እጁን ግን ቶሎ አልለቀቀም። ባዶ ተሳቢ ከጭነቱ ይልቅ ይንጫጫል፤ ከኋላችን እየዘለለ ተከተለን። ዘሃራ ስለ ሰይድ አወራችኝ፣ ስለ ኮምቦልቻ ጠየቀችኝ፣ ማን እንደሞተ፣ ማን እንደወለደ። እየመለስኩላት ነበር።

እኔ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው በሚነዳው መኪና ውስጥ ተኝቼ አላውቅም። አገር አቋራጭ አውቶቡስ ውስጥ እንኳ ሌሊቱን ሙሉ ከሹፌሩ ጋር ፍሬን ስረግጥ አድራለሁ። ሚስቴ ታውቃለች።

«ጋሼ» የሚል ድምፅ ሰማሁ። «ጋሼ፣ ደርሰናል።» ዓይኔን ስከፍት የማዳም ግቢ ውስጥ ነን፣ ተሳቢው ግድግዳው ሥር ተገትሯል፣ ግርማ በመስኮቱ በኩል እያየኝ ይስቃል። ፍሬቻ አሳይታ ትታጠፍ፣ ሳታሳይ ትታጠፍ፣ አላየሁም።